ወደ ምዕራብ የዞረው ዲሽ

ያ ድምፅ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ደሴ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ከአከራዬ ሳሎን «ጢጥ... ጢጥ... ጢጥጢጥጢጥ» እያለ የሚፈጥን፣ ደግሞ ድንገት ጭጭ የሚል የሪሲቨር ድምፅ ሰማሁና እጄ ሳሙናው ላይ ቀረ። ቀና ስል አንድ ዲሽ ሠሪ ቆርቆሮው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ዲሹን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ትንሽ እየገፋ «መጣ?» ይላል፤ አከራዬ ከውስጥ «አልመጣም!» ትላለች፤ «አሁንስ?» ሲላት «መጣ መጣ... ውይ፣ ሄደ!» ትለዋለች። ሰው ይህን ጩኸት ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ቀድሜ ያየሁት ዲሹ ወዴት እንደዞረ ነው፣ ቀጥዬ ያየሁት ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ማን ቆሞ እንደሚመለከት ነው። አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ፤ ከየት እንዳመጣሁትም አሳምሬ አውቃለሁ።

ያደግሁት ወልድያ ነው። አባቴ በወልድያና በመርሳ መካከል ሚኒባስ እየነዳ፣ ሰው ሲበዛ እስከ ውርጌሳ እየዘለቀ፣ ሲመለስ ከመርሳ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ከመቀመጫው ሥር ሸጉጦ ይመጣ ነበር። እናቴ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ደጃፏን እንዳይረግጥ የማለች ሴት ነበረች። «የሰው ቤት ጉድ ስታዪ የራስሽ እንጀራ ያርርብሻል» እያለች፣ አባቴ አሮጌም ቢሆን አንድ ልግዛ ባለ ቁጥር ጭቅጭቅ አስነስታ ሐሳቡን ታስለውጠው ነበር። ስለዚህ ፊልም የማየው እትዬ ለተብርሃን ቤት ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ከማይጨው በልጅነታቸው ተድረው መጥተው፣ ባላቸውን ወልድያ ቀብረው፣ ልጅ ሳይወልዱ ብቻቸውን የቀሩ፣ ጨውና ሻማ፣ ሳሙናና በርበሬ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። እኔን «ጓለይ» ይሉኝ ነበር፣ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን እኛ የሰፈሩ ልጆች ደብተራችንን እንደያዝን ገብተን፣ አንዱ የጨው ጆንያ ላይ፣ አንዱ ጀሪካን ላይ፣ አንዱ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠን የከሰዓቱን ድራማ እናይ ነበር። በሩ ላይ ደግሞ ሲሳይ የሚባል ባጃጅ ነጂ ጎረምሳ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ይቆም ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠራው «መጣሁ መጣሁ» እያለ ሳይሄድ ድራማው ያልቅ ነበር።

ድራማው ከቱርክ መጥቶ አማርኛ የሚናገር ተከታታይ ነበር፣ ማለቂያ የሌለው። ያን በጋ ሰፈሩ በሙሉ ተለከፈ ብል ውሸት አይደለም። ካህኑ የክርስትና ስም የሰጧቸው ሁለት ሕፃናት እቤታቸው የሚጠሩት በዋናው ተዋናይ ስም ሆነ፤ ሲሳይ የተዋናይቷን ፎቶ ባጃጁ መስታወት ላይ ለጥፎ መንገዱ አልታይ እስኪለው ድረስ ይነዳ ነበር፤ ፀጉር ቤት የሚሄዱ ሴቶች «እንደሷ ግንባሬ ላይ አውርጂልኝ» ይሉ ነበር። ይሄ ይሁን። የከፋው ሌላው ነው። ሴቶቹ የባሎቻቸውን ስልክ መበርበር ጀመሩ፤ እኛ ልጆችም አንድ ነገር ስንጠየቅ ቶሎ መመለስ ትተን እንደ ተዋናዮቹ ፊታችንን ወደ መስኮት አዙረን እንተነፍስ ነበር። እኔ ደግሞ በር ጥግ ቆሞ ማዳመጥ ተማርኩ። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ሌባ ግድግዳ የምትታከኪው?» ብላ እናቴ ስንት ጊዜ በነጠላ ጫፍ ገርፋኛለች።

በዚያ ድራማ ውስጥ እኛ «ሾርባዋ» የምንላት ሴት ነበረች። የሀብታሞቹ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ሰው በታመመ ቁጥር ሾርባ ይዛ የምትገባ ደግ ሴት ናት። ሾርባዋን የጠጣ ሁሉ ግን ይብስበታል። እሷ ትሁን ሌላ ሰው፣ ወራት ሙሉ አልነገሩንም። ሲሳይ «እሷ ናት፤ እንዲህ ደግ የሆነ ሰው በጤናው አይደለም» ብሎ ይምል ነበር። ይህ ነው እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሰዓት የተማርነው፤ የሚጮኽን ትተን ዝም ያለውን መፍራት፣ የሚሰጠንን ሰው እጁን ማየት።

በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ለእኛ ለልጆቹ መጀመሪያ ዜና ብቻ ነበር፣ ድራማውን የሚያዘገይብን ዜና። ለእትዬ ለተብርሃን ግን እንደዚያ አልነበረም። ማይጨው ያለች አንዲት እህታቸው ስልኳ ተቋረጠ። በየቀኑ ጠዋት ሱቁን ከፍተው ይደውሉና፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ...» የምትለዋን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ዝም ይሉ ነበር። ያን ሰሞን ዲሻቸው እንደሰፈሩ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነበር የዞረው፣ የአገር ውስጥ ዜና የሚገኘው በዚያ ነበርና፤ ከዜናው ውስጥ የእህታቸውን ከተማ ስም ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። ሰፈሩ ደግሞ እሳቸውን ይጠብቅ ጀመር። «ሴትዮዋ በየማለዳው የምትደውለው ለማን ነው?» «ለምንድነው ምንም የማትናገረው?» ይባል ጀመር። ከዚያ በፊት እትዬ ለተብርሃንን ሴትዮዋ ብሎ የጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እኔስ? አበስኩ ገበርኩ፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ደጅ ወጥቼ ለሁለት ሰበርኩትና አሸተትኩት። ምንም አይሸትም፣ ዳቦ ዳቦ ነው የሚሸተው። በላሁት፣ ከዚያም ሆዴን እስከ ምሽት ድረስ ስጠባበቅ ዋልኩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

ክረምቱ ሲገባ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ። ከቆቦ የሚመጡ ሰዎች ፍራሽና ድስት በጋሪ ጭነው በከተማው ያልፉ ነበር፤ የሰፈሩ ወጣቶች ዱላና ፊሽካ ይዘው ጥበቃ ወጡ፣ ሲሳይም ባጃጁን አቁሞ ክንዱ ላይ ጨርቅ አሰረ። ሰው ሰውን እንደ አዲስ ያይ ጀመር። ልጆቹም አንድ በአንድ ከእትዬ ቤት ቀሩ፣ ወላጆቻቸው ከለከሏቸው። እናቴ እኔን ያልከለከለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ድራማው በዚያው ሰሞን ወደ ማለቂያው ደረሰ። የሚያሳየው ጣቢያ ደግሞ በምሥራቁ በኩል ጠፍቶ በምዕራቡ ሳተላይት ብቻ ቀረ። ዲሽ ሠሪው ከተማውን ለቆ ወጥቷል። እኔ እንዴት እንደሚደረግ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። «እትዬ፣ እኔ ላዙረው? ጥቂት ክፍል ነው የቀረው» አልኳቸው። ስልኩን ከሚዛኑ ላይ አንስተው አዩት፣ አስቀመጡት። «አዙሪው ጓለይ» አሉኝ፣ «ዜናውስ ማስለቀስ እንጂ ምን ሰጠኝ?» በርሜል ላይ ወጥቼ ቆርቆሮው ላይ ተሳብኩና ብሎኑን በባላቸው ፒንሳ አላልቼ ዲሹን ወደ ምዕራብ ገፋሁት። «መጣ?» እላለሁ፤ እሳቸው ሪሲቨሩ ላይ አጎንብሰው «እንጃ ጓለይ፣ ይጮኻል!» ይላሉ። ከዚያ ጢጢጢው ሳይቋረጥ አንድ ወጥ ሆነ፣ የሾርባዋ ሙዚቃም ከክፍሉ ወጣ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ለሌሎቹ ጀርባውን የሰጠ ዲሽ እሱ ብቻ መሆኑን አላሰብኩትም። ከተማው ውስጥ ደግሞ ወዲያው አንድ ወሬ ተነሳ፤ ዲሹን ወደዚያ ያዞረ ሰው የሌላውን ወገን ወሬ ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ መልእክትም ይልካል ተባለ። ከየት መጣ ይህ? ኋላ ሲጣራ ከቪዲዮ ቤት ነው የመጣው፤ አንድ ሰላይ በዲሽ ከተማ ሙሉ ሲያስደበድብ የሚያሳይ ፊልም ጎረምሶቹ ሁሉ አይተው ነበር።

የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቀን እኔና እትዬ ብቻችንን ነበርን። ቡና እንኳ አላፈሉም፣ ጆሯቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል። ሙዚቃው ገና ሲጀምር በሩ ተገፋና ሲሳይ ከአራት ጎረምሶች ጋር ገባ። ሁልጊዜ እንደሚቆመው አንድ እግሩን ውጭ አላደረገም።

«ዲሹን ማን ነው ያዞረው?» አለ።

 እኔ ነኝ ልል ነበር፣ እምላለሁ ልል ነበር፤ ግን ዱላዎቹን አየሁ፣ የእናቴም ፊት መጣብኝ። እትዬ አንድ ጊዜ አዩኝ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ ቆርቆሮ ላይ ወጥተሽ?»

አንቺ አላቸው። ለዓመታት እትዬ እያለ ከእጃቸው ዳቦ የበላ ልጅ።

«ወጥቼ» አሉት።

ሲሳይ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? የሠለጠነ ሰው ነው እንጂ ሌላ ሴት በዚህ ዕድሜዋ ትወጣለች?» አለና ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ነቀለው። እትዬን በገበያው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ወሰዷቸው፤ እዚያ ሌሎች የተጠረጠሩ ሰዎችም ነበሩ። ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካክለው «ሱቁን ዝጊልኝ» ብቻ አሉኝ። ያን ቀን በሰው ፊት ጓለይ አላሉኝም።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች በጎን እያየችኝ «ምን ሊያዩበት አዞሩት? ሰው ያለ ነገር ዲሹን አያዞርም» ስትል፣ ጥግ ተቀምጬ ሰማኋት። ከዚያም ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። እሳቸው እኔን ለምን አዳኑኝ? ምን ፈልገው ነው? ሾርባዋም እኮ ልጅ ታድን ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባቴ ከመርሳ ተመልሶ ምሳ እየበላ፣ መጋዘን ውስጥ ያሉት ነገ በጭነት መኪና እንደሚወሰዱ፣ ወዴት እንደሆነ ግን የሚያውቅ እንደሌለ ለእናቴ በቀስታ ነገራት። ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ዲሹን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ነጠላዋ ሄደ። «ተነሺ» አለችኝ። ሦስታችን በዝናብ ወጣን።

መጋዘኑ በር ላይ ሲሳይና ከጉባ ላፍቶ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ ነበሩ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ፣ ጠመንጃቸውን ከጋቢው ሥር ከዝናቡ ደብቀው ተቀምጠዋል። ተናገርኩ። እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ሲሳይ ሳቀ። «ልጅ ልከው ማስዋሸት! ይሄንንማ አይተነዋል፤ ጠበቃው ትንሿን ልጅ ያስዋሻት አልነበር?» አለ። ወይ ጉድ! እውነቱ ራሱ ፊልም መሰለው። አባቴ ሊቆጣ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰሃን ይናገራል ወይስ ይሰማል?» አሉት ሲሳይን።

«ይሰማል... ግን አባ፣ በፊልም ላይ...»

«ፊልሙን ተወው። የሚሰማ ነገር ምን ተናገረና ነው ሴትዮዋ የገቡት?»

ሲሳይ አንገቱን አከከ፣ ፊሽካውን አዟዟረ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እውነት ድራማውን ካየሽበት ንገሪኝ» አለ፤ «ቤቱን ማን አቃጠለው?» ነገርኩት። «ደብዳቤው የት ተገኘ?» ነገርኩት። ድምፁ እየላላ መጣ፤ ጥበቃ ከወጣ ጀምሮ ድራማውን እንዳላየ ያኔ ገባኝ። በመጨረሻ በሹክሹክታ ያህል፣ «ሾርባዋስ? እሷ ናት አይደል?» አለኝ።

የመጨረሻውን ክፍል እኔም አላየሁትም። ገመዱን የነቀለው እሱ ነው። ግን ፊቱን አየሁት፤ የሚጠይቀኝ ስለ ድራማው ብቻ አልነበረም፣ ወይም እኔ እንደዚያ ጠረጠርኩ።

«አይደለችም» አልኩት። «ንጹሕ ናት። በሽተኞቹን ያሳመማቸው እሷን ሲከስ የነበረው የገዛ ወንድማቸው ነው። ሾርባው ሾርባ ነው። ሁሉም ኋላ እግሯ ላይ ወድቀው አለቀሱ።»

ሲሳይ ቀና አለ። «እኔ ደግሞ እሷ ናት ብዬ ምዬ ነበር» አለ፣ ለራሱ። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ ክፈትላቸው» አሉት።

«ይውጡ እትዬ» ሲል ሰማሁት። እትዬ ለተብርሃን ብርሃኑ ዓይናቸውን ወግቷቸው በመዳፋቸው ጋርደው ወጡ፣ ሲሳይን ሳያዩት አለፉ። «ሱቁን ዘግተሽልኛል?» አሉኝ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። የሌሎቹ እስረኞች ዓይን በበሩ ክፍተት ይታየኝ ነበር፤ ለእነሱ የሚነገር ተረት አልነበረኝም። በማግስቱ የጭነት መኪናው ድምፅ ተሰማ።

ብዙም ሳይቆይ ተኩሱ ከተማው ዳር ደረሰና ሁሉም መሸሽ ጀመረ። አባቴ ሚኒባሱን በጓዝና በሰው ሞላው፤ እናቴ ሳትጠይቀው እትዬን እጃቸውን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። መርሳ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር፣ ሰውን እያስወረዱ ያናግሩ ነበር። እትዬ አፋቸውን ከከፈቱ ማንነታቸው ይታወቃል። እናቴ ሻሿን ፈትታ አገጫቸውን ዙሪያውን አሰረችና፣ ወጣቱ ወደ መስኮቱ ሲመጣ ድንገት ዋይ ዋይ ማለት ጀመረች፤ «ታላቅ እህቴ ናት ወንድሜ! ጥርሷ አብጦ እየሞተችብኝ ነው፣ በማርያም አሳልፈን!» እንባዋ እውነተኛ እንባ ነበር፣ ይወርድ ነበር። አሳለፉን።

ውርጌሳን አልፈን ትንፋሻችን ሲመለስ፣ «እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ይህ የጥርስ ለቅሶ ቃል በቃል ከድራማው የመጣ ነበር።

«ከግድግዳው ነዋ!» አለች። «እኔ ጆሮ የለኝም? ስንት ወር ሙሉ ከናንተ እኩል ስሰማው አልነበር?» ከዚያ ወደ ውጭ እያየች፣ «የመጨረሻውን ብቻ ነው ያልሰማሁት። ገመዱን ነቀሉት» አለች። መጋዘኑ በር ላይ መጨረሻውን ስፈጥር አጠገቤ ቆማ እንደነበር አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንስታብኝ አታውቅም።

ከመንደር መንደር ስንከራተት ከርመን ከገና በኋላ ወደ ወልድያ ስንመለስ የእኛም የእሳቸውም ቤት ተዘርፎ ጠበቀን። ከእትዬ ጓዳ ቴሌቪዥኑ ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ ጭስ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጣሪያው ላይም ብረቱ ብቻ ቆሞ ነበር። ጨውና ሻማ ይዘው እንደገና ጀመሩ። ሲሳይን ዳግመኛ አላየሁትም፤ አንዱ ሞቷል ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ ባጃጅ ይነዳል ይላል፣ የማንኛውንም አላምንም። እትዬ ዲሽ አላስተከሉም፤ ልጆችም ወደ ጓዳቸው አይገቡም።

ለትምህርት ወደ ደሴ ልመጣ ስል ልሰናበታቸው ገባሁና፣ ስንት ዓመት ያዘልኩትን ተናገርኩ፤ ዳቦውን ማሽተቴን ሳይቀር። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ልጅ ነበርሽ» አሉኝ፣ «ዳቦውንስ ኋላ በልተሽዋል አይደል?» ጨው እየሰፈሩ ነበር። ከዚያ እጃቸው ቆመና፣ ሳያዩኝ፣ «ጓለይ» አሉኝ፣ «ያቺ ሴት... እውነት ንጹሕ ሆና ነው ያለቀው?»

«አዎ እትዬ» አልኳቸው።

«እኔማ ልቤ ነግሮኝ ነበር» አሉና ጨዋቸውን መስፈር ቀጠሉ።

ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በጨው ጆንያ ላይ ተደራርበን፣ አንድ ነገር እያየን አብረን እንጠረጥር ነበር። ዛሬ በዚህ ግቢ አምስት ተከራዮች አለን፤ እያንዳንዳችን በየክፍላችን ስልካችንን ይዘን፣ ጆሯችንን ደፍነን፣ ሌላው ምን እንደሚያይ ሳናውቅ እንጠራጠራለን። ጓደኛዬ ያ ድራማ እስከ መጨረሻው ክፍል ስልክ ላይ እንዳለ ነግራኛለች። ስንት ጊዜ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ጣቴ ግን አይነካውም። ሾርባዋ ጥፋተኛ ሆና ብትገኝ ምን ልሆን ነው? ለሲሳይ የነገርኩት ባይቆጨኝም፣ ለእትዬ የነገርኳቸው ይቆጨኛል።

አከራዬ ከሳሎን ሆና፣ «አንቺ ውጭ ነሽ፣ እስኪ የሚጠይቅሽን መልሺለት!» ብላ ጮኸች። ዲሽ ሠሪው ከጣሪያው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ወዴት ላድርገው? በምዕራቡ በኩል ጥሩ ጥሩ ፊልም አለ» አለኝ።

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። በአጥሩ ላይ አሻግሬ የጎረቤቶቹን ጣሪያ አንድ በአንድ አየሁ።

«ሁሉም ወዳዞሩበት አዙረው» አልኩት።